ተከባብሮ ለመኖር ከራስ ጠንካራ ጎን መጀመር፦ ለቤተሰብ የሚሆን የአሠራር መመሪያ

በየጊዜው የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «እንዋደዳለን፤ መከባበር ግን አቃተን። ከየት እንጀምር?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የሌላውን ሰው ጥፋት ዘርዝሮ ነው የሚመጣው፤ ባል የሚስቱን፣ እናት የልጇን፣ ታናሽ የታላቁን። ዝርዝሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ሥራው ግን ከዚያ ሲጀመር አይሳካም፤ ጥፋቱ የሚቆጠርበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ራሱን መከላከል ነውና።

ይህ መመሪያ በሌላ በር ይገባል። መጀመሪያ የራስዎን ጠንካራ ጎን ከዕለት ሥራዎ ይለያሉ። ቀጥሎ ያው ጎን ልኩን ሲያልፍ ቤት ውስጥ ማንን እንደሚጎዳ ያያሉ። ከዚያ የሌሎቹን ጠንካራ ጎን አይተው ይነግሯቸዋል። ቅሬታና ጥያቄ የሚቀርበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አይቀይሩ፤ ብዙዎች ሦስተኛውን ደረጃ ዘለው ወደ ስድስተኛው ሲሮጡ ነው ነገሩ ወደ ሽንገላ የሚቀየረው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ መመሪያ የማይሆንበት ቤት

ቤት ውስጥ ድብደባ፣ ዛቻ፣ ገንዘብ መንጠቅ ወይም ከቤት እንዳይወጡ መከልከል ካለ ይህን አይሞክሩ። የተጎዳው ሰው የጎዳውን ሰው ጠንካራ ጎን እንዲዘረዝር ማድረግ ጉዳቱን ያባብሳል፤ በቤተሰብ ፊት የተናገረው ቃልም በኋላ መበቀያ ይሆንበታል። እንዲህ ላለው ቤት የሚቀድመው ደኅንነት ነው፤ የሚታመን ዘመድ፣ የጤና ባለሙያ፣ ፖሊስ ወይም የሕግ ድጋፍ ያስፈልጋል። ከቤቱ አባላት አንዱ የቅርብ ሐዘን ላይ ከሆነ ወይም በጠና ከታመመ ደግሞ የቤተሰብ ንግግሩን (ደረጃ 7ን) ያቆዩት፤ ከ1 እስከ 4 ያለውን ግን ብቻዎን መሥራት ይችላሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለራስዎ ብቻ የሚሆን አንድ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ስልኩን ቤተሰቡ በጋራ የሚጠቀምበት ከሆነ ደብተር ይሻላል።
- የመዳፍ ያህል ስፋት ያላቸው ወረቀቶች። ብዛታቸው፦ የቤቱ ሰው ቁጥር ከራሱ ቁጥር አንድ ተቀንሶ ሲባዛ። አምስት ሰው ካለ 5 ሲባዛ በ4፣ ማለትም 20 ወረቀት።
- ሰዓት ወይም የስልክ ማንቂያ።
- ለመጀመሪያው ሳምንት በየምሽቱ 10 ደቂቃ፤ ለቤተሰብ ንግግሩ 45 ደቂቃ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለግምገማ 15 ደቂቃ።
- ማንም ያልተራበበት፣ ማንም ለመውጣት ያልቸኮለበት ሰዓት። ይህን ትንሽ ነገር አድርገው አይዩት። በሰላም የተጀመረ ንግግር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በድካምና በረሃብ ነው።

ደረጃ 1፦ ለ7 ቀን ያደረጉትን ይመዝግቡ

በየምሽቱ ከመተኛትዎ በፊት በዚያ ቀን ለቤተሰብ ሰው ያደረጉትን ሁለት ወይም ሦስት ነገር ይጻፉ። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ይኑረው፦ ምን አደረግሁ፣ ለማን፣ ምን አስከተለ። ምሳሌ፦ «ታናሽ እህቴ ፈተናዋ ስላስጨነቃት ማታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጥያቄ ጠየቅኋት። ሳትጨነቅ ተኛች።»

እዚህ ላይ «ደግ ነኝ»፣ «ታጋሽ ነኝ» ብሎ መጻፍ የለም። ሥራውን ብቻ ይጻፉ። ምክንያቱም ሰው ስለ ራሱ ባሕርይ ሲጽፍ ወይ የሚመኘውን ይጽፋል፣ ወይ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲባል የሰማውን ይደግማል። ሥራ ግን ወይ ተሠርቷል ወይ አልተሠራም።

ምንም የሚጻፍ ያጡበት ምሽት ይኖራል። ያን ቀን ያላደረጉትን ይጻፉ፦ ልቆጣ ስል ዝም አልሁ፣ ልናገር ስል ለብቻ እስክንሆን ጠበቅሁ። መታቀብም ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ ብዙ መከባበር የሚኖረው ከአፍ ባልወጣ ቃል ውስጥ ነው።

ከአራተኛው ቀን ጀምሮ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ «ዛሬ ማን በእኔ ተከፋ?» መልስ አይፈልጉለት፤ ስሙንና ሰዓቱን ብቻ ይጻፉ። ለደረጃ 3 ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 2፦ ለሥራዎቹ ስም ይስጡ፤ ሦስት ይምረጡ

በስምንተኛው ቀን ደብተሩን ከመጀመሪያው ያንብቡት፤ የሚመሳሰሉትን ሥራዎች በአንድ ምልክት ያሰባስቡ። ለየቡድኑ ስም ሲፈልጉ የሚከተለው ይረዳዎታል፦ ታማኝነት፣ ድፍረት፣ ጽናት፣ ደግነት፣ ፍትሐዊነት፣ ይቅር ባይነት፣ ትሕትና፣ ጥንቃቄ፣ ራስን መግዛት፣ የማወቅ ጉጉት፣ የፈጠራ ችሎታ፣ አመስጋኝነት፣ ተስፈኝነት፣ ተጫዋችነት፣ ሰውን የማስተባበር ችሎታ፣ የሰው ስሜት ቶሎ የመረዳት ችሎታ። እነዚህ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ፒተርሰንና ማርቲን ሴሊግማን እ.ኤ.አ. በ2004 በ6 ክፍል ከመደቧቸው 24 የባሕርይ ጥንካሬዎች መካከል ናቸው። በዝርዝሩ የሌለ ስም ከፈለጉም ይጠቀሙ፤ ቤት ውስጥ ትዕግሥት፣ ትጋትና ሥርዓት ወዳድነት ሳይጠሩ አይታለፍም።

ከእነዚህ ውስጥ ሦስት ብቻ ይምረጡ። መለኪያው ይህ ነው፦ ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቀናት የታየ፣ ቢያንስ ለሁለት ሰው የተደረገ፣ ማንም ሳይጎተጉትዎ የመጣ። ከሦስት በላይ ከመረጡ በሚቀጥለው ደረጃ ሁሉንም ላይ ላዩን ያልፏቸዋል።

ደረጃ 3፦ ያው ጎን ልኩን ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ይጻፉ

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው። አንድ ሙሉ ምሽት ይስጡት።

ሰው ቤተሰቡን የሚያስከፋው በድክመቱ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በሚኮራበት ጎኑ ያስከፋል። «ጥሩ እየሠራሁ ነው» ብሎ ስለሚያምንም የሌላው መከፋት አይታየውም፤ ቢነገረውም ውለታ እንደተካደ ይቆጥረዋል። የተለመዱት እነዚህ ናቸው፦

- ግልጽነት ሲበዛ ሰውን በሰው ፊት ማሳፈር ይሆናል።
- ጥንቃቄ ሲበዛ ጥርጣሬ ይሆናል፦ የት ነበርህ፣ ከማን ጋር፣ ለምን ዘገየህ።
- ትጋት ሲበዛ ያረፈውን ሁሉ ሰነፍ ያሰኛል።
- ተጫዋችነት ሲበዛ ሰው በሚያፍርበት ነገር ላይ መሳቅ ይሆናል።
- ትዕግሥት ሲበዛ ሁሉን በሆድ ይዞ ማቆየት፣ ከዚያም አንድ ቀን መፈንዳት ይሆናል።
- ደግነት ሲበዛ ያልተጠየቀ እርዳታ፣ ቀጥሎም ውለታ መቁጠር ይሆናል።
- ቆራጥነት ሲበዛ የሌላውን ሐሳብ ሳይሰሙ መወሰን ይሆናል።

ለመረጧቸው ሦስት ጎኖች እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በየተራ ይመልሱ፦ ልኩን የሚያልፈው መቼ ነው? በማን ላይ? ያ ሰው ያኔ ምን ያደርጋል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱን ከሰውነት ይፈልጉ። ድምፁ ይወርዳል? «እሺ» ብሎ ያሳጥራል? ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ይገባል? ስልኩን ያነሣል? በደረጃ 1 «ማን ተከፋ?» ብለው የጻፉትን ስምና ሰዓት አሁን ያመሳክሩ።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። እናት ትጉ ናት፤ ቤቱ በእሷ ነው የቆመው። የ15 ዓመት ልጇ ማታ ዕቃ አጥቦ ደረደረ። እሷ አንዱን ብርጭቆ አንሥታ ወደ መብራቱ አየችው፤ ምንም ሳትናገር መልሳ አጠበችው። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ልጁ በር ላይ ቆሞ አየ። በነጋታው አላጠበም፤ በሦስተኛውም ቀን። በሳምንቱ መጨረሻ እናት «እዚህ ቤት የሚያግዘኝ የለም» አለች። ክፉ ቃል አልተነገረም፣ ማንም አልሰደበም፤ ልጁ የተረዳው ግን «ሥራህ ሥራ አይደለም» የሚለውን ነው። ያስከፋው ትጋቷ ነው፤ ሌላ አይደለም።

ሦስቱን ጥያቄዎች ከመለሱ በኋላ ለእያንዳንዱ ጎን አንድ የልክ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ቅርጹ፦ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አላደርግም፤ በምትኩ እንዲህ አደርጋለሁ።» ለእናትየዋ፦ «ልጄ ዕቃ ሲያጥብ መልሼ አላጥብም፤ ቆሻሻ የቀረበት ካለ በነጋታው ለብቻው ሆነን አሳየዋለሁ።» «ከእንግዲህ ታጋሽ እሆናለሁ» የልክ ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ መቼ እንደሚተገበር ስለማይናገር በአንድ ሳምንት ይረሳል።

ደረጃ 4፦ ሁለት የቤት ሰዎችን ይጠይቁ

ራስዎን ብቻዎን ካዩ የሚያመልጥዎት ይኖራል። ስለዚህ አንድ የሚቀርብዎትን፣ አንድ ደግሞ ብዙ የማይግባቡትን ሰው ይምረጡ፤ ለየብቻ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። ለእኩያ ወይም ለታናሽ፦ «ቤት ውስጥ ምን ሳደርግ ነው የሚጠቅምህ? አንድ ቀን ጥቀስልኝ።» ቀጥሎ፦ «ያው ነገር መቼ ነው የሚበዛብህ?» ለታላቅ ወይም ለወላጅ በአክብሮት ይጠይቁ፦ «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ምን ሳደርግልዎት ነው ደስ የሚልዎት? መቼስ ነው የማበዛብዎት?»

መልሱን ሲሰሙ «ገባኝ፤ አመሰግናለሁ» ብቻ ይበሉ። ማብራሪያ የለም፣ «እሱ እኮ ያኔ…» የለም። የመጀመሪያውን መልስ ከተከራከሩበት ሁለተኛ ጊዜ የሚያገኙት መልስ «ምንም የለም፤ ደህና ነን» ነው፤ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። የሰሙት ካናደደዎት ደብተርዎ ላይ ይጻፉና ሌሊቱን ያሳድሩት።

የሁለቱ ሰዎች መልስ እርስዎ ከመረጧቸው ሦስት ጎኖች ጋር ካልገጠመ የራስዎን አይሰርዙ፤ በጎን ይጻፉት። ልዩነቱ ራሱ ጠቃሚ ነው፤ እርስዎ የሚደክሙበትና ቤተሰቡ የሚፈልገው አንድ አለመሆኑን ያሳያል።

ደረጃ 5፦ ለአንድ ሳምንት ሌሎቹን ይመልከቱ

ለእያንዳንዱ የቤቱ ሰው ሁለት ሥራ ይጻፉ፤ አጻጻፉ እንደ ደረጃ 1 ነው። ከሁሉም ከሚከብድዎት ሰው ይጀምሩ፤ ከሚወዱት ከጀመሩ ሳምንቱ በእሱ ያልቃል። በሦስት ቀን ውስጥ ስለ ከባዱ ሰው ምንም መልካም ካላዩ የሚያዩበትን ሰዓት ይቀይሩ። ጠዋት በጥድፊያ ወይም ማታ በድካም ብቻ የሚያገኙትን ሰው የሚያውቁት በግማሽ ነው። ከትንንሽ ልጆች ጋር ሲሆን፣ ስልክ ሲያወራ፣ የተበላሸ ነገር ሲጠግን ይመልከቱት።

ጥሩ ሆኖ የማይታይ ሥራም ይቁጠሩ፦ በሩን ቀስ ብሎ መዝጋት፣ የታመመ ሰው መድኃኒት ሰዓት ማስታወስ፣ ክርክር ሲጋጋል ሕፃኑን ይዞ መውጣት። እንዲህ ያለው ሥራ ሲቀር ብቻ ነው የሚታየው።

ደረጃ 6፦ ያዩትን ለባለቤቱ ይንገሩ

መጀመሪያ ለብቻ፣ በአጭሩ። ሦስት ክፍል አለው፦ መቼ፣ ምን አደረግህ፣ ምን ጠቀመ። የባሕርዩ ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ባይመጣም ይቻላል።

«ማክሰኞ ማታ እህትህ ሒሳቡ አልገባት ሲል ስልክህን አስቀምጠህ አጠገቧ ተቀመጥህ። ሦስቴ ስትሳሳት አልተቆጣሃትም። እኔም ሥራዬን በሰላም ጨረስሁ። ታጋሽ ነህ።»

ይህን «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ከሚለው ጋር ያስተያዩት። «ጎበዝ» የተባለ ልጅ ደስ ይለዋል፤ ነገ ምን ቢደግም ጎበዝ እንደሚባል ግን አያውቅም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ አእምሮአቸው የተመሰገነላቸው ተማሪዎች ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ከወደቁ በኋላ ጥረታቸው ከተመሰገነላቸው ይልቅ ለመቀጠል ያላቸው ፍላጎት ቀንሶ ተገኝቷል። ሥራን መጥቀስ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ሰውዬው በእጁ የያዘውን ነገር ያሳየዋል።

«ግን» አይጨምሩ። «ታጋሽ ነህ፤ ግን ክፍልህን…» ካሉ ሰሚው የሚይዘው ከ«ግን» በኋላ ያለውን ነው፤ ሌላ ጊዜ ሲያመሰግኑትም «ግን» እስኪመጣ ይጠብቃል። የሚነገር እርማት ካለ በሌላ ቀን ይንገሩ።

ሰውዬው «ምን ፈልገህ ነው?» ሊል ይችላል። ምስጋና ባልተለመደበት ቤት ይህ የሚጠበቅ ነው። «ምንም፤ አይቼው ስለነበር ነው» ብለው ወደ ሥራዎ ይሂዱ። በዚያ ሳምንት ከዚያ ሰው ምንም አይጠይቁ፤ ከጠየቁ ጥርጣሬው ትክክል ነበር ማለት ነው።

በዚሁ ሳምንት አንድ ነገር ደርበው ይለማመዱ፦ የቤት ሰው ደስ የሚል ወሬ ይዞ ሲመጣ እጅዎ ላይ ያለውን ያስቀምጡና ቢያንስ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁት፤ «እንዴት ሆነ? ሲነግሩህ ምን አልህ?» ዓይንን ከስልክ ሳያነሡ «ጥሩ ነው» ማለት፣ ወይም ወዲያው «ሥራ አይበዛብህም?» ብሎ ስጋት መደርደር ደስታውን ያጠፋዋል። ሰው ደስታውን የማይነግረው ቤተሰብ ችግሩንም አይነግረውም።

ደረጃ 7፦ የ45 ደቂቃ የቤተሰብ ንግግር

ከሁለት ቀን በፊት ይንገሩ፤ ምን እንደሚሠራም ይናገሩ። «ማታ የምንነጋገረው ነገር አለ» ብቻ ካሉ ሁሉም ጥፋቱን ሲያስብ ይውላል። «እያንዳንዳችን ስለሌላው ያየነውን አንድ መልካም ሥራ እንጽፋለን፤ ከዚያ አንዳንድ ነገር እንጠያየቃለን» ይበሉ። ወረቀቱንም ያኔውኑ ያድሉ።

1. *መክፈቻ (3 ደቂቃ)።* በዕድሜ ትልቁ ይከፍታል፤ ሁለት ሕግም ይናገራል፦ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ እዚህ የተባለው ከዚህ ቤት አይወጣም። ስልኮች ድምፃቸው ጠፍቶ ከክፍሉ ይወጣሉ።
2. *ንባብ (20 ደቂቃ)።* ከትንሹ ይጀመራል። ትልቁ ቀድሞ ካነበበ ልጆቹ የእሱን ቃል ይደግማሉ፤ ወይም የጻፉት ከእሱ ጋር እንዳይጋጭ ይቀይሩታል። መጻፍ የማይችል ሕፃን በቃል ይናገራል። አንባቢው ፊቱን ወደ ባለቤቱ አዙሮ ያነባል፤ «እሱ እንዲህ አደረገ» ሳይሆን «አንተ እንዲህ አደረግህ» ይላል። ተቀባዩ «አመሰግናለሁ» ብቻ ይላል፤ ወረቀቱን ይወስዳል።
3. *የልክ ዓረፍተ ነገር (7 ደቂቃ)።* እርስዎ ብቻ፣ ወይም ፈቃደኛ የሆነ ሌላ ሰው፣ ከደረጃ 3 አንዱን ጮክ ብሎ ያነባል። ሌላውን «አንተም አንብብ» አይበሉ። ወላጅ በልጆቹ ፊት «ይህ ጎኔ ሲበዛ ትከፋላችሁ፤ በምትኩ እንዲህ አደርጋለሁ» ሲል ልጆቹ የሚማሩት መናዘዝን አይደለም፤ ጥፋትን መናገር ክብር እንደማያሳጣ ነው።
4. *ጥያቄ (12 ደቂቃ)።* ደረጃ 8ን ይመልከቱ።
5. *መዝጊያ (3 ደቂቃ)።* የተስማሙበት ይነበብ፤ የግምገማው ቀን ይቆረጥ።

ሰዓቱ ሲደርስ ያቁሙ፤ ደስ ቢልም። ንግግሩ ከተራዘመ አንድ ሰው የድሮ ቂም ማንሣቱ አይቀርም።

ደረጃ 8፦ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጥያቄ

እያንዳንዱ ሰው ከአንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚታይ ድርጊት ይሁን፤ «አክብረኝ» ሳይሆን «ክፍሌ ስትገባ አንኳኳ»፤ «አትናቀኝ» ሳይሆን «እንግዳ ባለበት ስለ ውጤቴ አታንሣ»። «አክብረኝ» የተባለ ሰው አክባሪ እንደሆነ ያምናል፤ ስለዚህ ምንም አይቀይርም። «አንኳኳ» የተባለ ግን ማንኳኳቱንና አለማንኳኳቱን ራሱ ያውቃል።

ጥያቄውን ከሰውዬው ጠንካራ ጎን ጋር ማያያዝ ይረዳል፦ «አባዬ፣ አንተ ነገር ሲበላሽ ቶሎ ታያለህ፤ ብዙ ጊዜም አድነኸናል። የኔን ስህተት ግን ወንድሜ በሌለበት ንገረኝ።» ተጠያቂው ሦስት መልስ አለው፦ እሺ፤ ይህን አልችልም ግን ይህን እችላለሁ፤ አስቤበት ነገ እነግርሃለሁ። ሦስቱም ይበቃሉ። የተስማሙበትን በአንድ መስመር ጽፈው ለሁለት ሳምንት ይሞክሩት።

ደረጃ 9፦ ሲበላሽ መጠገን

በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ አንድ ቀን ድምፅ ከፍ ማለቱ አይቀርም። የሚከተለውን ቀድመው ይስማሙ። ማንኛውም ሰው «እንረፍ» ካለ ንግግሩ ይቆማል፤ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ይለያያሉ። የተቆጣ ሰውነት ለመርጋት ጊዜ ይፈልጋል፤ በሁለት ደቂቃ ተመልሶ የሚቀጥል ክርክር ካቆመበት ይብሳል። «እንረፍ» ያለው ሰው የሚመለስበትን ሰዓት ራሱ ይናገራል፤ ካልተናገረ ዕረፍቱ ኩርፊያ ይሆናል።

ሲመለሱ ያጠፋው ሰው ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፦ ያደረግሁት ይህ ነው፤ አንቺን የጎዳሁሽ በዚህ ነው፤ ቀጥሎ የማደርገው ይህ ነው። «ከተከፋሽ ይቅርታ» አይሠራም፤ ጥፋቱን ወደ ተከፋው ሰው ይመልሰዋል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ጎትማንና ሮበርት ሌቨንሰን ባለትዳሮች ሲከራከሩ በተመለከቱባቸው ጥናቶች፣ በጸኑት ትዳሮች ውስጥ በክርክር ጊዜም እንኳ ለአንድ ክፉ ቃል ወይም ገጽታ አምስት ያህል በጎ ነገር ይታይ ነበር፤ መደማመጥ፣ ፈገግታ፣ «እውነትህን ነው» ማለት። ቁጥሩን ቤት ውስጥ አይቁጠሩት፤ ከአንድ ክፉ ቃል በኋላ አንድ ምስጋና ብቻ እንደማይበቃ ግን ይወቁ።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

*ጠንካራ ጎንን መጫኛ ማድረግ።* ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። «አንቺ ታጋሽ ነሽ፤ አንቺው ቻዪው»፣ «አንተ ኃላፊነት የሚሰማህ ነህ፤ አንተው ጨርሰው።» ምስጋናው እውነት ነው፤ ያንኑ ሰው እየለየ ሸክም የሚያበዛበት ግን እሱው ነው። ብዙ ጊዜ ይህ የሚወድቀው በታላቅ ልጅ ላይ ወይም በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ነው። እንዲህ የተያዘ ልጅ ውሎ አድሮ ጎኑን ይደብቀዋል። መከላከያው፦ ሰውን ባመሰገኑበት ጎን በዚያው ሳምንት አዲስ ሥራ አይስጡት፤ በወር አንድ ጊዜም «ከያዝኸው ውስጥ የትኛውን ልቀበልህ?» ብለው ይጠይቁ።

*ማወዳደር።* «እንደ እህትህ ብትሆን» የሚል ቃል የእህቱን ጠንካራ ጎን ጠላቱ ያደርገዋል። ሁለት ልጆች አንድ ጎን ካላቸው እንኳ የተለያየ ሥራ ይጥቀሱ።

*በሰው ፊት ማመስገን።* ለአንዳንዱ ደስታ ነው፤ ለዓይን አፋር ጎረምሳ ቅጣት ነው። ቀድመው ይጠይቁት። ወረቀቶቹን ፎቶ አንሥቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ ደግሞ ደረጃ 7 ላይ የተገባውን ቃል ያፈርሳል።

*የተለያዩ ሰዎችን በአንድ መንገድ ማስኬድ።* ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ 45 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ንባቡ ላይ ይቆይና ይሂድ። በዕድሜ የገፉ ወላጅ ቁጭ ብሎ መወቀስ ሊመስላቸው ይችላል፤ የእርሳቸውን ወረቀት አስቀድመው ለብቻቸው ያንብቡላቸው። ራቅ ብሎ የሚኖር ሰው በስልክ ይግባ፤ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ወረቀቱን ጽፎ ይላክ፣ ሌላ ሰው ያንብብለት።

*እምቢ ያለውን ማስገደድ።* አንድ ሰው አልቀመጥም ካለ ያለ እሱ ይቀመጡ፤ የጻፉለትን ግን ያቆዩለትና በሌላ ቀን ይስጡት። ስለሌለ ሰው ጥያቄ ወይም ቅሬታ አያንሡ።

ደረጃ 10፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግምገማ

15 ደቂቃ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ስምምነት ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ ስንት ጊዜ ተደረገ? ያልተደረገው ምን ስለነበረ ነው? እያንዳንዱ የሚመልሰው ስለ ራሱ ስምምነት እንጂ ስለ ሌላው አይሁን። ሁልጊዜ የተደረገው ከዝርዝሩ ይውጣና በአዲስ ይተካ። ከግማሽ በታች የተደረገው አይጨመርበት፤ ያሳንሱት። «በየቀኑ ማታ እንነጋገር» አልሆነም? «እሑድና ረቡዕ ለ10 ደቂቃ» ያድርጉት።

በሁለተኛው ግምገማም ያው አንድ ስምምነት በዚያው ሁለት ሰዎች መካከል ከወደቀ ችግሩ የልምድ አይደለም፤ ሥር ያለው ቅራኔ አለ። ያን ስምምነት ከዝርዝሩ ያውጡ፤ ሁለቱ ሰዎች ሁለቱም ከሚያምኑት ሽማግሌ ወይም ከቤተሰብ አማካሪ ጋር ለብቻቸው ይቀመጡበት፤ የቀሩት የቤቱ ሰዎች በሌሎቹ ስምምነቶች ይቀጥሉ።